ጭቃው በስንት ጣዕሙ

ከተማ የሚውል ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጭቃ ሲይዛችሁ ምን ይውጣችኋል?» ምን ይውጠናል! እንወርዳለን፣ እንቆፍራለን፣ ድንጋይ እንረበርባለን፣ ገመድ አስረን እንጎትታለን፣ እንወጣለን። ጭቃ ተንኮል የለውም። ላብህን ይቀበልህና ይለቅሃል። እኛን ያስመረረን ሌላው ነው፤ ከጭቃው በፊት ያለው፣ ከጭቃው በኋላ ያለው፣ እስከ ጉልበታችን ገብተን ስንቆፍር ዳር ቆሞ በስልኩ የሚቀርጸን።

እኛ ስል፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ሃርድቶፕ፣ ፓትሮል፣ ላንድ ሮቨር፣ ሃይሉክስ፣ አንዳንዴም የተጎሳቆለች ቪታራ ይዘን በየበዓሉ አስፋልት የሚያልቅበትን ፍለጋ የምንወጣውን ነው። ማኅበር የለንም፤ መዋጮ ግን አለን። ሊቀመንበር የለንም፤ ጭቅጭቅ ግን አለን። ጤነኛ ሰው ጥሩ መንገድ መርጦ ይሄዳል፤ እኛ በገዛ ናፍታችን መጥፎ መንገድ እንፈልጋለን። ቤተሰቦቻችን ይህን ሳያስታውሱን ያለፈ በዓል የለም።

መከራው የሚጀምረው ከመነሻው ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት ቃሊቲ እንገናኝ» ይባላል። በ12 ሰዓት የሚገኘው ገና አዲስ የገባ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሁለተኛው ጉዞ ጀምሮ ይማራል። አንድ ሰዓት ላይ ሁለት መኪና ይመጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለቀረው ሰው ይደወላል፤ «ወጥቻለሁ፣ እየደረስኩ ነው» ይላል፤ ከጀርባው የሚንጫጫው ግን የቤቱ ቴሌቪዥን ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተሰባስቦ ልንነሳ ስንል፣ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነዳጅ እንደሌለው ያበስራል። ሌሊቱን ሙሉ ምን ይሠራ ነበር? «መንገድ ላይ እቀዳለሁ ብዬ ነው።» መንገድ ላይ ደግሞ ሰልፉ ማደያውን ሁለት ዙር ዞሮ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቷል። በጄሪካን መቅዳት ክልክል ስለሆነ ሌላው ሄዶ ሊያመጣለት አይችልም። ስለዚህ የአንዱን መኪና ታንከር ለመሙላት ዘጠኝ መኪና ቆሞ ይጠብቃል፤ ያንን ናፍታ ደግሞ ቆመን ስንጠብቅ ሞተር ያላጠፋን ሰዎች ቀድመን ጨርሰነዋል።

ከዚያ ቁርስ። ቢሾፍቱ ወይም ሞጆ ላይ «ፈጣን ቁርስ» ይባላል። ፈጣን ቁርስ ማለት ጥብስ አዝዞ፣ ክትፎ ጨምሮ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ሁለተኛውን ጀበና መጠበቅ ነው። ሥጋ ቤቱ በር ላይ አምስት ሰዓት የሆነበት ሰው፣ ድንኳኑን ማታ በባትሪ ብርሃን፣ ነፋስ እየነጠቀው እንደሚተክል ማንም አይነግረውም። ቢነገረውም «አይዞህ እንደርሳለን» ነው መልሱ።

እሺ ይሁን፣ ደረስን እንበል። አስፋልቱ አለቀ። እዚህ ጋ የሚታወቅ ሥራ አለ፤ ጎማ ይተነፍሳል። አስፋልት ላይ 35 እና ከዚያ በላይ የነበረውን ግፊት አሸዋ ላይ ወደ 18 እና 15 ስታወርደው ጎማው ይሰፋል፣ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ አይሰምጥም። ይህን ለመሥራት ክብሪት እንጨት የምታህል ነገርና ትንሽ ትዕግሥት በቂ ነው። ግን በእያንዳንዱ ጉዞ «የእኔ መኪና ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ራሱ ያውቃል» የሚል ቪ8 አይጠፋም። ከቦሌ ወጥቶ የማያውቅ፣ ጎማው የከተማ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳን ገና ያልተነሳለት። ራሱ የሚያውቀው መኪና ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ በሆዱ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮኒኩን የሚያወጣው የ1980ዎቹ ሃርድቶፕ ነው።

የማውጣቱም ሥርዓት ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ገመድ ያለው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። አካፋም ያለው እሱው ነው። የጎማ መንፊያ ፖምፓም የእሱ ነው። ሌሎቻችን ፖርቶመጋላ ላይ የረድፍ መብራት ሰቅለናል፣ በር ላይ ተለጣፊ ለጥፈናል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ዊንች አስገጥመዋል፤ ዊንቹ ግን ከተገጠመ ጀምሮ ሽቦው አልተፈታም፣ ባለቤቱም «እንዳይበላሽ» ይሳሳለታል። ወደ አስፋልት ስንመለስ ያቺ አንዲት ፖምፓ ከጎማ ወደ ጎማ ትዞራለች፤ አራት ጎማ በአስር መኪና፣ በሲጋራ መለኮሻ በሚሠራ ፖምፓ። ባለቤቱ የመጨረሻው ተራ ላይ ሲደርስ ፖምፓዋ ተቃጥላ ታርፍበታለች። እሱም ምንም አይልም። ዝምታው ነው የሚያስፈራው።

መሪ የያዘው አንድ ሆኖ መመሪያ ሰጪው አስር መሆኑስ? «ወደ ግራ!» «ኧረ ወደ ቀኝ!» «ጋዝ ስጪው!» «አትስጪው!» ከመካከላችን እጅግ ንጹሕ አነዳድ ያላት ሴት ናት፤ ማርሹን ታውቃለች፣ ፍሪሲዮን አታቃጥልም፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ትወጣለች። እንዲያም ሆኖ ጉድጓድ ፊት ስትደርስ ዳር ያለው ወንድ ሁሉ አስተማሪ ይሆናል። እሷ መስኮቱን ትዘጋለች። የመንገዱ ዘዴ ሁሉ መስኮት መዝጋት ሳይሆን አይቀርም።

ቀኑን ስንመርጥ የሚደርስብን ደግሞ ሌላ ነው። አገሩ አሥራ ሦስት ወር አለው ይባላል፤ ለእኛ የሚተርፈን ግን ጥቂት ሳምንት ነው። ክረምት ልጆች ትምህርት ሲዘጋላቸው ወንዙ ይሞላል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባው ያማልላል፤ ለመስቀል እንወጣለን፤ በወሊሶ በኩል ያለው ዋልካ አፈር ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ያስቃል፣ ሥሩ ግን ገና የክረምቱን ውኃ እንደያዘ ነው፤ ጎማው ጥርሱን ሞልቶ ሊጥ እንደያዘ እጅ ይሆናል። ጥቅምት ደህና ነው፤ በጥቅምት ግን ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ግማሹ ይጾማል፣ ግማሹ ሙክት ይታረድ ይላል፣ የሙስሊም ወንድሞቻችን ድስት ደግሞ ለብቻው ነው፤ ለአንድ እሳት ሦስት ድስትና አንድ ምጣድ ተሸክመን እንዞራለን። ጾሙ ሲፈታ ገና ነው፤ ከገና ጥምቀት፣ ከጥምቀት ሠርግ። ጥር ወር ሙሉ ሠርግ ነው። ከአጎት ልጅ ሠርግ ቀርቶ በረሃ የወረደ ሰው እስከ ፋሲካ ሲወቀስ ይከርማል። ዳናኪል ደግሞ ለሰው ልጅ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ብቻ ነው፤ ይኸውም ልክ ጾሙና ሠርጉ የተከፋፈሉት ጊዜ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ነው፣ 55 ቀን። በስንት ልመና ፋሲካ ደርሶ «እንግዲህ ባሌ እንውጣ» ስንል፣ ባሌ ላይ ዝናቡ የጀመረው ገና በመጋቢት ነው፤ እስከ ጥቅምትም አይተወው።

ባሌ ብዬ ዝም አልልም። ጎባን ለቆ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ 4,000 ሜትርን አልፎ፣ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ፣ ከዚያ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ከላይ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ 4,377 ሜትር። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍታ ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያቃስታል። ባለቤቱም አብሮት ያቃስታል። እኛ ይህን ለምደነዋል፤ ብርዱንም ለምደነዋል፤ ጠዋት ባትሪ አልነሳ ሲል እየተሳሳቅን ኬብል እንዘረጋለን። ያልለመድነው የመኪና አላርም ነው። ሌሊት 9 ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ዝምታ መካከል፣ ነፋሱ በነካው ቁጥር የአንዱ መኪና ይጮኻል። ማን ሊሰርቅህ ነው ወንድሜ? ጅብራው ነው ወይስ ፍልፈሉ?

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ይኼኛው ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ሳነቴ ላይ መንገድ አለ፤ በመንገዱ ነው የሚሄደው። አዲስ ሰው ይመጣና ሜዳውን ያያል፤ ጎማ ያልነካው ሣር፣ ጅብራው ተተክሎ፣ ደመናው ወርዶ። ፎቶ ያምረዋል። መሪውን ጠምዝዞ ሣሩ ላይ ይወጣል። በዚያ ከፍታ ሣር በዝግታ ነው የሚበቅለው፤ ጎማ የቀደደው ቦታ ስንት ዓመት ቁስሉን ይዞ ይቀመጣል። ከሥሩ የፍልፈሉ ጉድጓድ አለ፤ ፍልፈሉ የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረ፣ ከግማሽ በላዩም እዚያው ባሌ የሚኖር እንስሳ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚያው ሣሩ ላይ የሚነዱት ሰዎች ስልካቸው ላይ የባንዲራ ምልክት ሲለጥፉ ነበር። ብትነግራቸው «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» ይሉሃል። የእኔ ጠብ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው። ከመንገድ ውጭ መንዳት ስለተባለ ከመንገድ ለመውጣት ፈቃድ የተሰጠን የሚመስለው ሰው በበዛ ቁጥር፣ ጥበቃዎቹ ሁላችንንም በአንድ ዓይን ያዩናል። አያስፈርድባቸውም።

ኬላ ላይ እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ወደ አፋር ስንወርድ ፈቃዳችንን አውጥተን፣ መንገድ መሪያችንን ይዘን፣ ወረቀታችንን በፕላስቲክ ጠቅልለን ኬላ ደረስን። ጥበቃው ልጅ ትሑት ነበር፤ መኪኖቹን በየተራ አየ። ከመሀላችን አንዱ ግን ድሮን ደብቆ ኖሯል፤ በእንቁላል ካርቶን ሥር። ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይያዝ የማያውቅ አለ? ከሰዓቱን ሙሉ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። ባለ ድሮኑ ስልክ እያወራ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ «አንድ ሰው አለ የማውቀው» ይላል። የሚያውቀው ሰው ስልክ አላነሳም።

የጨው ሜዳውንም በአጭሩ ላንሳው። አሳሌ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ነጩ ሜዳ ሲሚንቶ ይመስላል። አይደለም። የበፊቱን መኪና ዱካ ለቀህ ስትወጣ ቅርፊቱ ይሰበርና ከሥሩ ጨዋማ ጭቃ ትገባለህ። አፋሩ መንገድ መሪ እጁን እያወዛወዘ «በዱካው!» ይላል፤ ከኋላ ያለው ግን አቧራ እንዳይበላ ብሎ ጎን ለጎን ይወጣል። ስታወጣው ትውላለህ። ከዚያ ጨው የሚበላው ብረት የማን ነው? የሁላችንም። ፓራፋንጎው ሥር ተደብቆ ወር ሳይሞላ ዝገቱ ብቅ ይላል።

አሁን አሁን ደግሞ መሄጃው ራሱ እያለቀ ነው። ቁጭ ብለን ካርታ ስንዘረጋ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። መንዝ ጓሳን የሚወድ ሁሉ ወደ መሐል ሜዳ ሲወጣ ጣርማበር ላይ ያለው ጉም ይናፍቀዋል፤ የአካባቢው ሰው በራሱ ሕግ ለዘመናት የጠበቀው ሣር፣ ጭላዳው፣ ብርዱ። ሰላሙ ከደፈረሰ ወዲህ ግን ወደዚያ ልጆች ይዞ የሚወጣ የለም። ሰሜን ተራራም እንደዚያው። ወለጋም እንደዚያው። አዋሽ ፈንታሌ በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ፣ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ እኛ ድንኳን ልንተክል የምንሄድበት ፊት አልነበረንም። የእኛ ሽርሽር ቀረ ብሎ ማማረር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚያ የሚኖረው ሰው የቀረበት ሌላ ነው። እሮሮ ግን ነውር አያውቅም።

ያልተዘጋው ደግሞ አስፋልት ሆነ። ወንጪ! ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቀን ደርሶ መመለሻ ከዚያ የተሻለ አልነበረም። በአምቦም በወሊሶም ብትመጣ መንገዱ ያሳይህ ነበር፤ ዳገቱ፣ እርጥቡ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ድንገት ገደሉ ሥር ሐይቁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሰየመው። «ገበታ ለሀገር» መጣ፤ መንገድ ተሠራ፣ ሎጅ ተሠራ። አሁን በታክሲ ትደርሳለህ። አሥር ሰዓት ላይ የሠርግ አጃቢ፣ የድርጅት ሠራተኞች አውቶቡስና እኛ፣ ጭቃ ጎማ የገጠምነው፣ አንድ ማቆሚያ ላይ እንጋፋለን። የጭቃ ጎማ ደግሞ አስፋልት ላይ እንደ ንብ ያዜማል፣ ቶሎም ያልቃል።

ከእኛ አንዱ እዚያ ፈረስ የሚያከራዩ አንድ አዛውንት ጋ ቀርቦ «አባባ፣ ድሮው አይሻልም ነበር? ይኼ አስፋልት ቦታውን አበላሸው እኮ» አላቸው። አዛውንቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ አምቦ ስንሮጥ መጥተህ ነበር እንዴ ልጄ?» አሉት። መልስ የለም። እሱም አፍሮ ፈረስ ተከራየ፤ ዋጋም አልተከራከረም። እኔ የአዛውንቱን እውነት ተቀብዬ፣ የጎማዬንም ኪሳራ አልረሳሁም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ማታ እሳት ዳር ደግሞ ታሪክ አዋቂያችን አለ። ሁሉም ቡድን አንድ አለው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አቋርጦ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ እንዳደረሰ ይነግረናል። እውነት ነው፤ ደስም ይላል። «እንግዲህ አገራችን የገባው የመጀመሪያው መኪና ከመንገድ ውጭ ነው የመጣው!» ብሎ እጁን ያነሳል፤ እናጨበጭባለን። ችግሩ በየጉዞው ማንሳቱ ነው፤ በየጉዞውም አንበሳው ይበዛል። የመጀመሪያ ጊዜ አንበሳ አልነበረም። ባለፈው ገና መንጋ ሆኗል። እሱን ዝም ለማሰኘት ሌላው ሙዚቃ ይከፍታል፤ ባለ ትልቁ ስፒከር። ስምንት ሰዓት መንገድ ሸሽተን የወጣንበት ጩኸት ከኋላ መቀመጫ ወርዶ እሳታችን ዳር ይቀመጣል።

ስለ መለዋወጫ ብዙ አልናገርም፤ ልቤ ይደክማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ አስከፈለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ቀረ። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ ብረት ወርቅ ሆነ። ደስ ይበለን? ባሌስትራ ሲሰበር፣ ሴሚያስ ሲቆረጥ፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚሰጥህ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ይከዳሃል። ከዚህ ወዲህ መኪናዋን ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት እጅ ይፈራል። ጎረቤት ደግሞ «በዚህ ዋጋ ሽጣትና ቤት ሥራ» ይላል። አንዱ ወዳጃችን ሸጠ፤ የኤሌክትሪክ ገዛ፤ አሁንም ልምጣ ይላል። «ቻርጅ የት ነው የማደርገው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሐረና ደን ውስጥ። አንዱ «ጀነሬተር አለኝ» አለ። ጀነሬተሩ በምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም።

በመንገዱ ዳር ያሉትን ልጆች አልወቅስም። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ባዶ ኮዳ ለውኃ መቅጃ ይጠቅማቸዋል። ከፊት ያለው መኪና እየሄደ በመስኮት ይወረውርላቸዋል፤ ልጆቹ ጎማ ሥር ይሻማሉ፤ ከኋላ የምንነዳው ነን ልባችን የሚቆመው። ቁም፣ ውረድና ስጥ፤ ምን ቸገረህ? ጭቃ ጉድጓድ ዳር ተደርድረው መግፊያ የሚጠብቁት ጎረምሶችም ሥራቸው ነው፤ ዋጋ ቀድሞ መነጋገር እንጂ መኪናው ከወጣ በኋላ መጨቃጨቅ ነውር ነው። ያም ሆኖ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ውኃ ሞልቶ ሳየው ጥርጣሬ ይገባኛል። ማታ ማታ የሚያጠጣው ሰው ያለው ይመስለኛል።

እሁድ መመለሻው ይመጣል። ማንም ቅዳሜ ማታ ዕቃ አያሰናዳም። አራት ሰዓት ላይ ድንኳን ይፈታል፤ ካስማ ይጎድላል፤ ጫማ ይጎድላል፤ ልጅ ይጎድላል፣ ልጁ ፈረስ ላይ ይገኛል። የተበላበትን ቦታ ጠራርጎ ፕላስቲኩን የሚሰበስበው ያው ባለ ገመዱ ሰውዬ ነው፤ ሌላው «እየመጣሁ ነው» እያለ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ አዲስ አበባ መግቢያ ያለው፣ የተራራው ስም መጋሪ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ላይ ከላንጋኖና ከሐዋሳ የሚመለሰው አገር ሁሉ ይጠብቀናል። ከመኪናችን የሚሰፋ ድንጋይ ስንወጣ የዋልንበት ጉልበት ሁሉ በሲኖትራክና በሚኒባስ መሀል፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በፍሪሲዮን ያልቃል።

ሰኞ ላቫጆ ነው። ልጁ መኪናዋን ከሩቅ ሲያያት ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ተከራክሬ አላውቅም፣ ሥሯን ሲያጥባት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለፈው ከሥር ወጥቶ፣ ፊቱ በጭቃ ተነክሮ፣ በጣም አዝኖልኝ «ጋሼ፣ ሠፈራችሁ መንገድ አልገባም እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? «አልገባም» አልኩት። ሃምሳ ብር ቀነሰልኝ።